ቶንች የሰረዛቸው ስድስት ሰዎች

አንድሬአስ ቶንች አገጩን ወደ ላይ ቀስሮ፣ በአፍንጫው ነው የሚያወራው። «ደንቡ እንደሚለው...» ደንብ የምትለዋን ቃል ብትቀሙት ዲዳ ይሆናል። የላይ ሰፈር እድር አባት ነኝ ይላል። ማንም አልመረጠውም። እኛ የሩማንያ ጀርመኖች ነን፤ ሰዉ ሁሉ ጠቅልሎ ጀርመን ሲገባ እሱ ቀረ፣ ወንበሩም ባዶ ነበር፣ ተቀመጠበት፤ በቃ።

የኛ እድር ስራው አንድ ነው፤ ሰው ሲሞት መቆፈርና መሸከም። ተሸካሚው ስድስት፣ ሁሉም አባል፣ ሁሉም ጥቁር ካፖርት የለበሰ። የአባላቱ መዝገብ ቤተ ክርስቲያኑን የከበበው ግንብ ውስጥ፣ የደወሉ ማማ ላይ፣ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ቶንች ሚስቱን እንደዚያ መዝገብ ዳብሷት አያውቅም።

አባቴን ግሬፍን ከመዝገቡ ሰረዘው፤ ለቀብር የመጣበት ካፖርት አንድ ቁልፍ ጎድሎት ነበራ። ቢንደርን ጉድጓድ አፍ ላይ ስለሳቀ ሰረዘው። ከሹስተር ወንድማማቾች አንዱን ስላረፈደ፣ ሌላውን ደግሞ «ኧረ ተወው፣ ወንድሜ ነው» ስላለ። ሌሎች ሁለት ሰዎችን ደግሞ ቡናማ ጫማ አድርገው ስለመጡ። በስተመጨረሻ የቀሩት እሱና ጆሯቸው የማይሰማ የሰማንያ አራት አመት ሽማግሌ ናቸው። ስብሰባ ይጠራል፣ ራሱ ይናገራል፣ ራሱ ይደግፋል፤ ሽማግሌው ያንቀላፋሉ።

ሐምሌ ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ሚስቱ ሱዛና ሞተች። ሙቀቱ አይጣል ነበር። ግንቡ ውስጥ፣ ስጋ የምንሰቅልበት ማማ ስር አስቀመጧት፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ቄሱ ከከተማ የሚመጣው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለወር አይገኝም። ታችኛው ሰፈር ያለው ሩማንያዊው ዮን «እኔና ልጆቼ እንሸከምልህ» አለው።

«አባል አይደላችሁም» አለው ቶንች። ምስጋና እንኳ የለም።

አርብ ጠዋት እኛ ቤት መጣ። አባቴ ማጭድ እየሳለ ነበር።

«ግሬፍ፣ ይቅርታ ጠይቀኝ።»

አባቴ ቀና አላለም። «ለምኑ?»

«ለቁልፉ። ካልጠየቅከኝ መልሼ ላስገባህ አልችልም። ካላስገባሁህ ደግሞ ሱዛናን መሸከም አትችልም።»

«ሚስት የሞተችብህ አንተ፣ ለማኙ እኔ?»

«ደንቡ ነው።»

«እንግዲያው ደንቡ ይሸከማት።»

ስድስቱም ቤት ዞረ፤ ስድስቱም ጋ ያው ነው። እኔ ከኋላው አረማመዱን እየቀዳሁ ተከተልኩት፤ ቂጡን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ሰማይ። ሹስተሮች በመስኮት አይተው በሳቅ ሊሞቱ ነበር።

ከሰዓት ስድስቱ አካፋ ይዘው ወጡና ጉድጓዱን ቆፈሩ። ለሱ ብለው አይደለም። ሱዛና ያላስታመመችው ቤት የለም።

መሸከሙ ግን ሌላ ነው። እሱ አፉን ከፍቶ አጠፋሁ ካላለ አንሸከምም አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት እኛ ቤት ተመለሰ። በዚያ ሙቀት ካፖርቱን ለብሶ ላቡ ይንቆረቆራል።

«ስህተት ተፈጥሯል» አለ።

«በማን?»

«መዝገቡ ላይ።»

«መዝገቡ ይምጣና ያናግረኝ።»

እናቴ ከጓዳ «ግሬፍ፣ ሴትዮዋ እየጠበቀች ነው» አለች። የቶንች አገጭ ወረደ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ፤ በአፍንጫው ሳይሆን እንደ ሰው በአፉ።

አባቴ ካፖርቱን አወረደ። ሌሎቹን አምስቱንም ጠራ፤ ተሸከሟት።

ሰውዬው ተለወጠ ትሉ ይሆናል። ሬሳው ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ከጉያው ዱላ አወጣ፤ ምልክት ያለበት፣ የመለኪያ። ጉድጓዱ ውስጥ ሰደደው።

«አንድ ስንዝር ይጎድለዋል» አለ። አፍንጫው ተመልሶ ነበር።

ስድስቱ ተያዩ። አባቴ ሄዶ አካፋውን አመጣና እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«አንተም አባል ነህ አይደል?»

ካፖርቱን አውልቆ ገባ። ቄሱ ሰዓቱን ያያል፣ ስድስቱ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ቶንች እያለከለከ አፈር ያወጣል፣ ይለካል፣ ደግሞ ያወጣል። ሱዛና ሳጥኗ ውስጥ ሆና ጠበቀችው። ሰላሳ አራት አመት ለምዳዋለች።