የማትመታው ተዋጊ

በእስራኤል አፉላ ኢሊት ሰፈር የምትኖረው ኦሸሪት እናቷን ወይዘሮ ሸዋዓለምን ስድስት ዓመት አስታመመች። ልቡናቸውን ስለሳቱ ገላቸውን ባጠበቻቸው ቁጥር ይማታሉ፤ እሷም ሳታሳምም እጃቸውን መያዝ ለመደች።

ዓርብ ዓርብ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር፣ እያንዳንዱ የራሱን ተዋጊ በወረቀት ላይ ፈጥሮ ጭራቅ የሚገጥምበት ጨዋታ ትጫወት ነበር። ሌሎቹ ሰይፍ ሲመርጡ፣ እሷ ጠላቷን በባዶ እጇ ጨምድዳ ከመያዝ በቀር የማትመታ አሮጊት ፈጠረች።

«ታዲያ በምን ታሸንፋለች?» አላት ጨዋታውን የሚመራው ዮሃይ።

«እስኪደክመው ትይዘዋለች።»

«ቀድሞ እሷን ቢደክማትስ?»

በመጀመሪያው ውጊያ አሮጊቷ ጭራቁን ይዛ ጓደኞቿን አስመለጠች፤ ራሷ ግን ሞተች። ዮሃይ «ሌላ ፍጠሪ» ሲላት ኦሸሪት በሰው ፊት አለቀሰች።

በሳምንቱ እናቷን የአዛውንት መጦሪያ አስገባች። ወይዘሮ ሸዋዓለም እዚያ ወር ሳይሞላቸው አረፉ። ኦሸሪት «ምናለ ትንሽ ብታገሥ ኖሮ» እያለች እስከ ዛሬ ትጸጸታለች።