እንቁላል የማይገዛ ካርድ

የተሰደድንበት አገር መንግሥት ለባልባላ ሰፈር ችግረኞች የምግብ ካርድ ማደል ሲጀምር ለእኛ ለስደተኞቹም ደረሰን። እልል አልኩ። ባሌ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ የመን ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። በቆርቆሮዋ ቤት የቀረነው እኔ፣ ሴት ልጄና ዓመት አልፎትም መቆም ያቃተው ወንዱ ልጄ ነበርን።

ካርዱ የሚሠራው በአንድ ሱቅ ብቻ ነው። እዚያም ዱቄት፣ ሩዝ፣ ምስር፣ ዘይትና ስኳር ይሰጠናል፤ ከዚያ ውጭ መንካት የለም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን ያበጠውን የልጄን እግር በጣቷ ጫን አድርጋ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

"ወተትና እንቁላል ስጪው። አለበለዚያ መቆሙ ይቅርና አይተርፍልሽም" አለችኝ።

ባለሱቁ ድሬዳዋ ያደጉ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል። እንቁላሉን ከካርዴ ጋር ፊታቸው አስቀመጥኩ።

"አይፈቀድም፣ እህቴ።"

"ሐጂ፣ ስኳሩ ይቅርብኝና በእሱ ፋንታ..."

"አይፈቀድም አልኩሽ! ማሽኑ አይቀበለውም። እንቁላል ይሰበራል፣ ወተት ይበላሻል ነው የሚሉት።"

እኔ እንቁላል ይዤ ቤቴ መድረስ የማልችል ሴት መሆኔን ቢሮ ቁጭ ብለው አወቁልኝ! ተናደድኩ፤ ግን በማን ላይ? ሽማግሌው እንኳ ቀና ብለው ሊያዩኝ አፍረው ነበር።

እንደ ሌሎቹ ሴቶች ስኳሬን ለጎረቤት እየሸጥኩ እንቁላል መግዛት ያዝኩ። ልጄ አስኳሉን እየላሰ ትንሽ ቀና ማለት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ይሄም በር ተዘጋ። ካርድ የሚያድሉት ሰዎች ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ ለገበያ እንዳይወጣ ከረጢቱ ሁሉ እየተቀደደ ይሰጥ ብለው አዘዙ። ሐጂ የዱቄቱንም የስኳሩንም ጥግ በቢላ ሸርከት ያደርጋሉ፤ የዘይቱንም ክዳን ይከፍታሉ። የተከፈተ ዕቃ ማን ይገዛል? የተቀደደውን ከረጢት እንዳይፈስብኝ እንደ ሕፃን አቅፌ፣ በዚያ ሙቀት እያለቀስኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቤቴ ውስጥ ምግብ ተቀምጦ ልጄ በምግብ እጦት ሊሞትብኝ ነው። አገሬ እንዳልመለስ ያስወጣኝ ነገር አለ፤ የመን እንዳልሻገር ልጆቹ አሉ፤ ሠርቼ እንዳልበላ ፈቃድ የለኝም። በየት በኩል ልውጣ?

ችግር በቅቤ ያስበላል ይላሉ። እኔ ቅቤውንም ስላላገኘሁ ዱቄቱን አቦካሁት። ዱቄት አትሽጪ አሉኝ እንጂ ቦምቦሊኖ አትጥበሺ ያለኝ የለም። ማለዳ ጠብሼ ሚኒባስ መቆሚያው ጋ ይዤ እወጣለሁ፤ ወደ ወደብ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች እየተሻሙ ይገዙኛል። በዚያ እንቁላል፣ ወተትና ከሰል እገዛለሁ። ዱቄቱም ዘይቱም ስኳሩም እዚያው ላይ ስለሚያልቅ እኔና ሴት ልጄ ሩዝና ምስር፣ ምስርና ሩዝ እንላለን።

ልጆቼ ከእንቅልፋቸው የሚነቁት በቦምቦሊኖ ሽታ ነው። ሴት ልጄ እጇን ስትሰድ "የሽያጭ ነው" እላታለሁ። አንድ ቀን ግን ስትነዘንዘኝ "አይፈቀድም!" ብዬ ጮህኩባት። የሐጂ ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ ደነገጥኩ፤ ቢሆንም ልጅቷን ዝም ስላሰኘልኝ በማግስቱም ደገምኩት። ዛሬ አንዱን ከሰጠኋት ነገ በምን አፌ እከለክላታለሁ?

ልጄ ቆመ። መጀመሪያ ግድግዳ ይዞ፣ ኋላም ያለ ግድግዳ ሄደ። ነርሷ ስታየው አጨበጨበች። ቆይቶ አፉንም ፈታ።

አንድ ማለዳ ቦምቦሊኖውን ሳህን ላይ ደርድሬ ከሰሉን ሳዳፍን፣ እህቱ ቀስ ብላ ተጠጋች። እሱም ከኋላዋ ድክ ድክ እያለ መጣ። አየሁና እንዳላየ ሆንኩ፤ የዛሬን እንኳ ይስረቁኝ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ምንም ኮሽታ ሳልሰማ ስቀር ዞር አልኩ። ልጄ በእነዚያ ቀጫጫ እግሮቹ በሳህኑና በእህቱ መካከል ቆሟል። መዳፉን ዘርግቶባታል።

"አይፈቀድም" አላት።

እህቱም እጇን ሰበሰበች።