የሶፍትዌሩን ጆንያ ግርጌ ያዩት ጋሽ ውበቱ

«ቆይ! መጀመሪያ የጆንያውን ግርጌ አሳየኝ» አሉኝ ጋሽ ውበቱ ዛሬ፣ «ግዛ» የሚለውን ልጫን ስል።

ጋሽ ውበቱ ገንዳ ውሃ ከተማ ሰሊጥ ይነግዳሉ፤ እኔ የመጋዘናቸው የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ። የሚገባ የሚወጣውን ሰሊጥ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ከኦንላይን ገበያ እንድንገዛ ወር ሙሉ ለምኛቸው፣ ገና ዛሬ እሺ ማለታቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ሶፍትዌር እኮ ጆንያ የለውም» አልኳቸው፣ እንደ ተማረ ሰው ፈገግ ብዬ።

«ሻጭ ሁሉ አንድ ነው። ጥሩውን ሰሊጥ ከላይ፣ አሸዋውን ከታች ያደርጋል። ውረድ!»

ገጹን ይዤ ወረድኩ። ከአምስቱ ኮከብ በታች፣ ከሚስቀው ፈረንጅ ፎቶም በታች፣ ከሰሊጥ ፍሬ ባነሰ ፊደል «ያለ ኢንተርኔት አይሠራም» ይላል።

«ኔትወርክ መቼ መጣ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«መቼ ነበር የጠፋው?»

«ባለፈው ሐሙስ።»

«እና ከኮኪት የመጣው መኪና ሰሊጥ እንደጫነ ከሐሙስ ጀምሮ ደጄ ላይ ይቁም?»

ወደ ላይ ልመለስ ስል ገጹ ደርቆ ቀረ። ኔትወርኩ ሄዷል። (ይህን ስለጥፍ ራሱ ሦስተኛ ሙከራዬ ነው።)

እስቲ እናንተም አውሩ፤ የጆንያውን አፍ ብቻ አይታችሁ የገዛችሁት ምንድን ነው?

እኔ በዲግሪዬ ልጀምር።