የአምቡሊ ወንዝ ውኃ

ጅቡቲ ውስጥ ብርድ በሚባለው በጥር ወር የማኅበራችን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወንዝ ዳር እንሂድ አሉ። ባቡሩ ሲሠራ ከኢትዮጵያ የወረዱ፣ ከዚያ ወዲህ ከባሕር በቀር ውኃ ያላዩ ናቸው። አሳቡን ያነሡት ጎረቤቴ እማማ ነበሩ። እግራቸው ያብጣል፣ አገራቸው መመለሱንም ተስፋ ቆርጠውታል። «የጨው ውኃ ሰለቸኝ። ሳልሞት አንድ ጊዜ እግሬን የሚፈስ ውኃ ውስጥ ልንከረው» አሉኝ። መንገዱን አይቶ የሚመጣ ሰው ሲፈለግ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ «እኔ አለሁ» አልኩ።

በበነጋው ብቻዬን ወደ አምቡሊ ወረድኩ። ወዲያ ኮረብታው ላይ ዘንቦ ኖሮ ውኃው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ነበር፤ በዳሩ ባሉት የአትክልት ቦታዎች አጥር ሥር እየተንኮለኮለ ይወርዳል። ለደከመው ማረፊያ የሚሆን ጥላ መረጥኩ። ቁልቁለት የሌለበት መውረጃ ፈልጌ አገኘሁ፣ እሾኹን ሳይቀር ለቃቀምኩ። ደጋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ወንዝ ማለት ለእኔ ዛሬ ካለ ነገም ያለ ነገር ነው። እዚህ አገር ግን ወንዝ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ይሄዳል። ይህን ያህል ዘመን ኖሬ፣ ውኃው ይቆይ እንደሆነ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅሁም።

ተመልሼ አፌን ሞልቼ አወራሁ። አንድ ሽማግሌ የሚጠጣ ውኃ እንያዝ ቢሉ፣ «ወንዝ እየሄዱ ውኃ መሸከም ምን የሚሉት ነው? ሰው ይስቅብናል» ብዬ አስተውኳቸው።

እሑድ ነጭ ነጭ ለብሰው ተነሡ። እማማ ለክብር ቀን ያስቀመጡትን ነጠላ አውጥተዋል። ክንዴን ተደግፈው፣ በየጥቂቱ እያረፉ፣ ደረስን። ከወንዙ መሐል ፍየሎች ተኝተዋል። አሸዋ ነው፣ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ነው፣ ጠብታ ውኃ የለም።

«ወንዙስ?» አሉ እማማ።

«እሱ ነው» አልኩ፣ ወደ አሸዋው እያሳየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ውኃ እንያዝ ያሉት ሽማግሌ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው» ብለው ሳቁ። ሌላ የሳቀ አልነበረም፤ የሁሉም ከንፈር ደርቋል። ወደ አንዱ አትክልት ሮጬ ዓረቡን አትክልተኛ ለመንኩት። ከጉድጓዱ አንድ ባልዲ ቀድቶ ሰጠኝ፣ ተጠጥቶ አለቀ። ለእማማ እግር ሌላ ባልዲ መለመን ነበረብኝ። አፈርኩ። ያንን ደግ ሰው ሁለተኛ ዓይኑን ለማየት አፍሬ፣ እማማን በደረቅ እግራቸው መለስኳቸው።

ሰፈር ስንደርስ የቀሩት ሴቶች ደጅ ወጥተው ይጠብቁናል። «ወንዙ እንዴት ነው?» ቢሉ እኔ አቀረቀርኩ። እማማ ቀደሙኝ።

«ውኃው ሲቀዘቅዝ! እስኪደነዝዝ ድረስ እግሬን ነከርኩት። ይቺ ልጅ ትባረክ!»

አብረውን የሄዱት ወደየደጃቸው አለፉ። የእማማ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ለብሷል። ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ዕድሜያቸውን እንኳ አንድ ዓመት የማይቀንሱ ሴት ስለ እኔ በአደባባይ ሲዋሹ ሰማሁ፣ ውሸት ነው ለማለትም ድፍረት አጣሁ።

ከሰነበተ በኋላ ቤታቸው ብገባ፣ ጾም ገና ሳይገባ፣ ግድግዳውን ይዘው ይነሣሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ይነሣሉ።

«ምን ሆነው ነው እማማ? በዚህ እግር?»

«የንስሐ አባቴ አዝዘውኝ ነው» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «እሑድ ለዋሸሁት።»

ላነሣቸው እጄን ብዘረጋ «ተይኝ፣ ልጨርስ» አሉ። ሲጨርሱ መሬት ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ሳቅ አሉ።

«ሴቶቹ ወንዙን ለእኛም ታሳየን እያሉ ነው። እንግዲህ አንቺው ንገሪያቸው፣ ልጄ። የእኔ ጉልበት ሌላ ውሸት አይችልም።»