የወጌሻው መንጋጋ

አንኮበር አካባቢ ክንዱ የተሰበረ ወይም ትከሻው የወለቀ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ዘርአ ዳዊትን ነው። ዘርአ ዳዊት ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ወጌሻነቱን ከአባቱ ወርሶ አርባ ዓመት ሠርቶበታል። እጁ ጥሩ ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁም ይበልጣል። በሽተኛው ፊት ቁጭ ብሎ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ አማቱ ጠባይ ያወራል። በመሃል አንድ ነገር ይጠይቃል። ሰውየው ሊመልስ አፉን ሲከፍት አጥንቱ ቦታው ገብቶ ያገኘዋል።

በፋሲካ ሳምንት ማክሰኞ ዓወል የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ በቅሎውን እየጎተተ መጣ። ዳገቱን ሲወጣ ወድቆ ትከሻው ወልቋል። ዘርአ ዳዊት ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ አስቀመጠውና ብዙ ካወራው በኋላ፣ ለመሆኑ በቅሎዋ ስም አላት ወይ ብሎ ጠየቀው። ዓወል «አላት፣ ስሟ...» ሲል ሳበው። ትከሻው ገባ። የዓወል ጩኸት ግን ከወዲያኛው ሸንተረር ድረስ ተሰማ፤ በቅሎዋ ደንብራ የኋላ እግሯን አነሳች፤ ያሳረፈችውም በወጌሻው አገጭ ላይ ሆነ።

ዘርአ ዳዊት ከወደቀበት ሲነሳ መጀመሪያ ያደረገው ያንኑ ሥራውን ነው። መንጋጋውን ከጆሮው ሥር ጀምሮ በጣቱ ዳሰሰ። በግራ በኩል አጥንቱ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ብሏል። ጥርሶቹ አልገጥም አሉት፤ ከአፉ ደምና ምራቅ ይወርዳል። ሚስቱ ንጋቷ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ ስትለው ጉንጩን በጣቱ እያመለከተ ራሱን ነቀነቀ። ቆዳው አልተቀደደም፣ ስለዚህ ስብራቱ ዝግ ነው፣ በሻሽ አስሬ እተኛለሁ ማለቱ ነበር።

«እሺ፣ ተኛ» አለችው።

በጀርባው ጋደም እንዳለ ደሙና ምራቁ ጉሮሮው ገብቶ ሊያፍነው ሆነ፤ ብድግ አለ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። ንጋቷ በጎቹን አደራ ሰጥታ እስክትከተል፣ ዓወል በእኔ በቅሎ ለመጣ ጣጣ እኔ እወስደዋለሁ ብሎ ይዞት ሄደ።

ሚኒባሱ ውስጥ አንዱ ክንዱን በፎጣ ከአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ሌላው አገጩን በነጠላ ደግፎና ወደ ፊት አቀርቅሮ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከፊታቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩአቸውና፣ በፋሲካው ምን ይሁን ብላችሁ ተደባደባችሁ ብለው ምክር ጀመሩ። ዓወል ወላሂ አልተጣላንም፣ በቅሎ ናት ቢል ማን ሊያምነው። ያ ወሬ አልቆበት የማያውቅ ዘርአ ዳዊት ደግሞ ከ«እእ» በቀር የሚወጣው የለም። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሲደርሱ ሽማግሌው ሳያስተቃቅፉ አልለቀቋቸውም።

ሆስፒታል ራጅ ተነሣ። የመንጋጋ ሐኪሙ ማኅደረማርያም የሚባል ወጣት ነበር። ዘርአ ዳዊት እዚያም ክርክሩን አልተወም፤ ወረቀት ተቀብሎ «ቆዳዬ ደህና ነው» ብሎ ጻፈ። ሐኪሙ መስታወት አስያዘውና የታችኛውን ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ አሳየው። በሁለት ጥርሶች መካከል ድዱ ተቀዷል፤ በስንጥቁ ውስጥ አጥንት ይታያል።

«አባቴ፣ ለአጥንት አፍም ደጅ ነው» አለው። «ምራቁ፣ የምግቡ ፍርፋሪ፣ ጀርሙ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ድዱ ከተቀደደ ክፍት ስብራት ነው፤ ሳይታጠብ ከቆየ ያመረቅዛል።»

ዘርአ ዳዊት መስታወቱን ቶሎ አልመለሰም። በሻሽ አስሮ የሸኛቸውን መንጋጋዎች እያሰበ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ አብጠው መግል ያወረዱትን። ያን ጊዜ የሰው ዐይን ነው ብሎ ነበር።

መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠው፤ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም ተወጋ። ከሰዓት በኋላ የደረሰችው ንጋቷ፣ መንጋጋው እንዳይቆለፍ ወግተውት ሲያበቁ እነሱው በሽቦ ሊቆልፉት መሆኑን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የማደንዘዣው መርፌ ሲቀርብ ዘርአ ዳዊት ወደ ኋላ ሸሸ። ወጌሻነቱን ከዓወል የሰማው ሐኪም እጁን ዝቅ አደረገና፣ የወለቀ ትከሻ በየት በኩል እንደሚሳብ ጠየቀው። ዘርአ ዳዊት በሁለት እጁ ማሳየት እንደ ጀመረ መርፌው ገብቶ ነበር። መጀመሪያ ገላመጠው፤ ኋላ ግን ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

ቁስሉ ታጠበ፣ አጥንቱ ተገጣጠመ፣ የላይና የታች ጥርሶቹ ለስድስት ሳምንት በሽቦ ተሳሰሩ። ሐኪሙ፣ ቢያስመልሰው እንዳይታፈን ሽቦው ወዲያው የሚቆረጥበት ትንሽ ፒንሳ አወጣ። ዘርአ ዳዊት እጁን ሲዘረጋ ንጋቷ ቀደመችው።

«እሱ ከያዘው ሥጋ ያየ ዕለት ይቆርጠዋል» አለች። በክር አድርጋ ከአንገቷ አሰረችው፤ ሽቦው እስከሚፈታበት ቀንም ከአጠገቡ አልራቀችም።

ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት። ጎረቤቱ ቅቅል ሲበላ ዘርአ ዳዊት አጥሚትና የተጠለለ ሾርባ በስትሮ ይመጥጣል፤ ከዚያ በጨው ውኃ ይጉመጠመጣል። ዓወል በቅሎዋን ከአጥር ውጭ አርቆ እያሰረ ፓፓያ ያመላልስለታል።

በሽተኞችም አልቀሩ። ግን ወጌሻው ዝም ብሎ ሲጠጋቸው ፈሩት። ስለዚህ ንጋቷ ጎኑ ተቀምጣ ማውራቱን ያዘች፤ ጥያቄዋ ደግሞ ከእሱ የባሰ ሆነ። አንዷን የእጇ አንጓ የወለቀ ሴት፣ ባልሽ ትናንት የት ነው ያመሸው አለቻት። ሴትዮዋ መልሱን ስታስብ እጇ መቼ እንደተሳበ አላወቀችም።

ሽቦው ከተፈታ በኋላም አፉ እንደ ልብ እስኪከፈት ጊዜ ወሰደ። ሐምሌ ላይ ፍሥሐ የተባለ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ አገጩን የመታው ጎልማሳ መጣለት። ቆዳው ደህና ነው፤ ዘመዶቹ እሰርልንና እንሂድ አሉ። ዘርአ ዳዊት አፉን አስከፍቶ ድዱን በስልክ መብራት አየ፤ ሻሹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ደብረ ብርሃን ድረስ አብሮ ሄደ።

መንጋጋው ዛሬ ደህና ይገጥማል። ግራ አገጩ ብቻ ደንዝዞ ቀርቷል፤ ወጥ ሲንጠባጠብበት አይታወቀውም። ንጋቷ በማዕድ ላይ በጣቷ የራሷን አገጭ ነካ ታደርጋለች፤ እሱም ወሬውን ሳያቋርጥ ይጠርጋል፤ ብዙ ጊዜ በተሳሳተው በኩል።