የትርንጎ ክብሪት

ክብሪት ሲጫር ብን የሚለውን የድኝ ሽታ እስከ ዛሬ ድረስ አልችለውም። ባለቤቴ ከሰል ሊያቀጣጥል ክብሪት ሲያነሳ ብድግ ብዬ ወደ ውጭ እወጣለሁ፤ ምነው ሲሉኝ ጭስ አልወድም እላለሁ፣ ውሸቴን ነው።

ባደግንባት መተማ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ እየነጠቀ ባስቸገረበት ሰሞን፣ ወባ ቤት ለቤት ትዞር ነበር። ታላቅ እህቴን ትርንጎን የያዘቻት እሷ አሥር፣ እኔ ሰባት ዓመት ሲሆነን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስትቃዥ ሰንብታ፣ ሰዉም «ጭንቅላቷ ላይ ወጣባት» እያለ ከንፈሩን ሲመጥላት፣ እንደ ምንም ተርፋ ተነሳች። ደስታችን ወር አልሞላም። ውሃ ቀድታ ስትመለስ ከነጀሪካኗ ደጃፉ ላይ ተዘረረች፣ እጅ እግሯ ተንዘፈዘፈ፣ አረፋ ደፈቀች። እናቴ ሮጣ ክብሪት ጫረችና አፍንጫዋ ሥር ያዘችባት፤ በሰፈራችን የወደቀ ሰው በድኝ ጭስ ይነቃል ይባል ነበር። ትርንጎ ጥቂት ቆይታ በራሷ ጊዜ ነቃች፣ ምስጋናው ግን ለክብሪቱ ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክብሪት መያዝ የእኔ ሥራ ነበር። ፓኮዋን በቀሚሴ ጫፍ ቋጥሬ በሄደችበት እከተላት ነበር። አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ ተነግሮኛል፦ አረፋው ከነካሽ በሽታው ወዳንቺ ይዞራል። የምትጠጣበት ጣሳ እንዳይቀላቀል ቀይ ክር ታስሮበት ነበር፤ የምትበላውም ለብቻዋ፣ ጥጓ ላይ ተቀምጣ። እኔስ አዘንኩላት? ምን አዝኜ! ስንጣላ ፓኮዋን ጆሮዋ ሥር አንኮሻኩሽባት ነበር፤ ያኔ ቀጥ ትላለች። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ እኔ ጠጋ አድርጌ የያዝኩት ክብሪት የተወው ጠባሳ አለ።

በበጋው ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር። ትርንጎ ጎበዝ ነበረች፣ የቤት ሥራዬን እንኳ የምትሠራልኝ እሷ ነበረች። አባቴ ግን ሰው ፊት መውደቋ ያሳፍረው ስለነበር «አንድ ጥፋት ካየሁ ከዚህ ቤት አትወጪም» ብሎ ቁርጡን ነግሯት ነበር። እሷም ይህን ስለምታውቅ ደብተሯን አቅፋ ትተኛ ነበር።

ሁለት ዓመት አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ሁላችንም እርሻው ላይ ነበርን። ከደጋ ለቀን ሥራ የመጡት ሳሉጎች የታጨደውን ሰሊጥ በነዶ እያሰሩ፣ እንዲደርቅ እያደገፉ ያቆሙት ነበር፤ ሂላ የምንለው ክምር እሱ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሰዉ ሁሉ ጥላ ሥር ሲያርፍ፣ እኔና ትርንጎ ውሃ ይዘን ስንመጣ ሂላው አጠገብ ወደቀች። እንደ ለመድኩት ጫርኩ፤ ክንዷ ሲወራጭ እጄን መታውና ክብሪቱ ደረቁ ነዶ ሥር ገባ። በጫማዬ ብረግጠው ይጠፋ ነበር። ነገር ግን ለመርገጥ አረፋ በሞላው አፏ አጠገብ ማለፍ ነበረብኝ፣ እሱን ፈርቼ፣ ፓኮዋን ጥዬ፣ ሮጥኩ።

አንድ የጎጃም ሳሉግ ነው የደረሰላት። «አትንካት! ይዞርብሃል!» እያሉ ሲጮኹበት «ኧረ እናንተ፣ ልጅቱ እየተቃጠለች!» ብሎ፣ በብብቷ ይዞ ጎትቶ አወጣትና በጎኗ አስተኝቶ አፏን በገዛ ሻርፑ ጠረገላት። ግራ እጇ ግን ተቃጥሎ ነበር። ነፋሱ እሳቱን ከሂላ ሂላ እያሻገረ የዓመት ልፋታችንን በላው።

አባቴ ፓኮዋን አንስቶ «ማነው የጫረው?» አለ። እናቴ ዞራ አየችኝ።

«እሷ ናት፣ ከእጄ ነጥቃኝ» አልኩ።

ትርንጎ ገና መንቃቷ ነበር፣ ዓይኗ ይንከራተታል። «እኔ ነኝ?» አለች፤ ቆይታ ደግሞ «እኔ ነኝ መሰለኝ» አለች።

አባቴ አልመታትም። ትምህርቷ ግን በዚያው ቀረ፣ ደብተሮቿም አንድ በአንድ እየተቀደዱ ሰፈሩ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ተጠቀለለባቸው። አምስት ዓመት ከቤት ሳትወጣ ቆየች። በኋላ አንዲት ነርስ ጎረቤታችን ተከራይታ መጥታ፣ አይታት፣ አባቴን ለምና ገንዳ ውሃ ከተማ ሆስፒታል ይዛት ሄደች። በየቀኑ የምትዋጥ አንዲት ፍሬ ክኒን ተሰጣት፣ መውደቋም ቆመ። ይኸው ነበር ነገሩ! መድኃኒቱ የአንድ ጠዋት የአውቶብስ መንገድ ላይ ነበር።

ዛሬ እኔም ነርስ ነኝ። እናቶችን ሰብስቤ አንጎል ሥራውን የሚሠራው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ መልእክት መሆኑን፣ ወባ ያቆሰለው አንጎል መልእክቱ ሲዘባረቅበት ሰውነት እንደሚንዘፈዘፍ አስረዳለሁ። በሽታው በምራቅ አይተላለፍም፤ የወደቀውን በጎኑ አስተኙት፣ ከእሳት አርቁት፣ ክብሪቱን ተዉት፤ የሚያተኩሰውን ልጅ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትሉ አምጡት እላቸዋለሁ። የወደቀ ሰው ሳገኝ አረፋውን በእጄ እጠርጋለሁ።

ባለፈው ትርንጎ ቤቴ መጥታ ስንጫወት፣ የተጣበቁትን የግራ እጇን ጣቶች እያሻሸች «ማሬ፣ አንቺ ስለ አንጎል ተምረሻል» አለችኝ። «ሰው ክብሪት ነጥቆ፣ ጭሮ፣ ያባቱን ሰሊጥ አቃጥሎ፣ አንዱንም ላያስታውሰው ይችላል?»

ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅሁም ነበር ልል እችላለሁ፤ አሁን ግን ሁሉንም አውቃለሁ።

«ይችላል፣ ያጋጥማል» አልኳት።

«እኔስ ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ሲከነክነኝ» አለች፣ እንባዋ መጣ። «አንቺንም እኮ አብሬ ላቃጥልሽ ነበር። ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።