የሚስቀው የፕላስቲክ ውሻ

የአሻንጉሊት ሮቦት ያስጠላኛል። ይህን የምለው ቤቴ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ሙሉ የተበለተ ሮቦት የደረደርኩ ሰውዬ ነኝ። ሚስቴ መደርደሪያውን «መቃብሩ» ትለዋለች፤ አልፈርድባትም። እጅ የሌለው ወታደር፣ ጎማው የወለቀ መኪና፣ ሆዱ የተዘረገፈ ዳይኖሰር፣ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። በሥራ ቀን ሮቤ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ፋይል አገላብጣለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ካቻቪቴ ይዤ የፕላስቲክ ሆድ እከፍታለሁ። ከውስጡ የማወጣውን ሞተርና ሽቦ እወዳለሁ። ከአንዱ ማራገቢያ ሠርቻለሁ፣ ከሌላው ድመታችንን የሚያሯሩጥ ኳስ። ቅርፊቱን ግን አልወደውም፤ ሽታውን አልወደውም፤ ድምፁን እማ ባልሰማው ደስ ይለኛል።

ስመርጥ አብሮኝ የቆመ ሰው ያፍርብኛል። ገበያው ዳር ከስልጤ የመጣ አንድ ነጋዴ አለ፤ ሮቦቶቹን ከጃንጥላና ከቴርሞስ ጋር አንጠልጥሎ ይሸጣል። አንዱን አወርድና መጀመሪያ በመዳፌ እመዝነዋለሁ፤ ከቀለለ ሞተሩ አይረባም። ቀጥሎ ጆሮዬ ሥር ይዤ እነቀንቀዋለሁ። ከዚያ የባትሪ ቤቱን ከፍቼ አሸታለሁ። ያገለገለ ከሆነ ብዙ ጊዜ የባትሪ ድንጋዩ ውስጡ ፈስሶ ነጭና አረንጓዴ እከክ ሠርቷል፤ አንድ ሕፃን የላሰው ከረሜላም እላዩ ላይ ደርቋል። አንዴ ከአንዱ ሆድ በረሮ ከነልጆቿ ወጥታ ክንዴ ላይ ሮጠች። ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። ነጋዴውን ግን የሚያሳዝነው የራሱ ዕቃ ነው።

«ወላሂ፣ ሰው በግ ሲገዛ እንኳ እንዲህ አያገላብጥም» ይለኛል።

ባለፈው ክረምት ከነዚህ አስጠሊታዎች አንዱን መርጬ ለእህቴ ሰጠኋት።

እህቴ ታላቄ ናት። ጎባ፣ ወላጆቻችን በተዉት ቤት ብቻዋን ትኖራለች፤ ልብስ ሰፊ ናት። በአሥራ አምስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ ጆሮዋን አጣች። ንግግሯ ግን አብሯት ቀረ። ከንፈር እያየች አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ትይዛለች፤ ፊት ለፊት ያወራት ሰው አለመስማቷን የሚጠረጥረው ድምፅዋ ከፍ ሲልበት ብቻ ነው። ስትሰፋ ብርሃን ፍለጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ ጀርባዋን ወደ በሩ ሰጥታ ትቀመጣለች። እንዲህ ተቀምጣ ሳለ በጠራራ ፀሐይ ሌባ ገብቶ ከኋላዋ የተሰቀለውን የደንበኛ ልብስ ሁሉ ሰብስቦ ወጣ። መጥፋቱን ያወቀችው የአንዱን ኮት እጅጌ ልትለካ ስትዞር ነው።

ታላቅ ወንድማችን ከአዲስ አበባ መጣና ተሰበሰብን። ቤቱ ይከራይ፣ እሷም ሮቤ መጥታ እኔ ግቢ ያለችው ሰርቪስ ቤት ትግባ ተባለ። እህቴ አንዳችንን ስታይ ሌላችን እያወራ፣ አንገቷን ወዲያና ወዲህ ስታዞር ቆየችና ተነሣች።

«ከዚህ ቤት የምወጣው በሳጥን ነው» አለች። ድምፅዋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

ያን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት። ሰው ሲገባ የሚያሳውቃት ነገር እሠራለሁ፣ ጊዜ ስጡኝ አልኩ። ወንድማችን እስከ መስቀል ሰጠን። እስከዚያ ከሠራ እህቴ ቤቷ ትቀራለች፤ ካልሠራ ዕቃዋ ይጫናል። እሷ እኔን እያየች ነበር። ከንፈሬን ሳይሆን ዓይኔን።

የመጀመሪያው ሥራዬ ያሳፍራል። ከውጭ በግቢው በር ላይ የሚጫኑት ቁልፍ ተከልኩና ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ከሚበራ አምፖል ጋር አገናኘሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድም ሰው አልተጫነውም። ለካ የእህቴን በር የሚያንኳኳ ሰው የለም! ሰፈሩ እንደማትሰማ ስለሚያውቅ፣ በቆርቆሮ በሩ ቀዳዳ እጁን ያሾልክና መወርወሪያውን ራሱ ስቦ ይገባል። እዚያ ግቢ አድጌ ይህን መርሳቴ ይገርመኛል። ፊት ለፊት ያለችው ባለሱቅ ቁልፉን ስታይ፣ «ያ ረቢ! ለማትሰማ ሴት ደወል!» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። መብራቱም ቢሆን ጎባ ላይ ሲፈልግ የሚመጣ ሲፈልግ የሚሄድ ነው።

ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ፣ ሄዶ የሚነካት ነገር ያስፈልግ ነበር። ነጋዴው ጋ ሄጄ በሪሞት የሚሄዱትን ሁሉ አስወረድኩ። ሪሞቱን ይዤ ከጀሪካን ክምር ጀርባ ሄጄ እየቆምኩ ሞከርኳቸው፤ ብዙዎቹ ካላዩህ አይታዘዙም። ከክምሩ ጀርባ የታዘዘኝ አንድ ብቻ ነበር። ነጭ የፕላስቲክ ውሻ ነው፤ ከእግሮቹ ሥር ጎማ አለው፣ ዓይኑ ሰማያዊ ይበራል። ገና ሲነሣ ሦስቴ ይጮኻል፣ ቀጥሎ እንደ ሕፃን ይንከተከታል፣ ከዚያ በቀጭን ድምፅ በማላውቀው ቋንቋ ይዘፍናል። ሳቁ አጥንቴ ድረስ ገባ። እንዲህ ያለ ሳቅ ውሻ ሆድ ውስጥ የከተተ ሰው ምን አስቦ ይሆን? ገዛሁት።

ከሪሞቱ ቁልፍ ሁለት ሽቦ አወጣሁ፤ ሪሞቱ በሩ ላይ ይታሰራል፤ መወርወሪያው ወደ ኋላ ሲሳብ ሽቦዎቹን ያገናኛል፣ ሪሞቱም ቁልፉ የተነካ ይመስለዋል። በሩ ሲከፈት ቤት ውስጥ ውሻው ከግድግዳው ሥር ይነሣና መሬት ላይ በተጋደሙ ሁለት ጣውላዎች መካከል ሄዶ የእህቴን ተረከዝ ይገጫል። ቤቴ ውስጥ ሃያ ጊዜ ሞከርኩት፤ አንዴም አልሳተም። ሃያ ጊዜም ሳቀ።

ድምፅ ማውጫው ጭንቅላቱ ውስጥ በሙጫ ተለድፎ ነበር። እሱን ለማውጣት ፊቱን መስበር፣ ሽቦውንም እንደገና መበየድ ነበረብኝ። የቅዳሜ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው፤ ሙጫው ደግሞ ጣቴ ላይ ተለጥፎ አልለቅ ብሎኛል።

«ድምፁን አትነቅለውም እንዴ?» አለች ሚስቴ።

«ለማን ብዬ? እሷ እንደሆነ አትሰማም» አልኩ።

ሚስቴ ውሻውን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ።

እህቴ ተረከዟን ሲገጫት ደነገጠች፤ ከዚያ እስክታነባ ሳቀች። እየደጋገመች አስከፈተችኝ። በመጨረሻ ከወለሉ አነሣችውና መዳፏን ሆዱ ላይ አሳርፋ ጠየቀችኝ።

«ይጮኻል እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። «አይጮኽም እትዬ።»

እየጮኸ ነበር። እጇ ላይ ሆኖ፣ ፊቴ ላይ ይስቅ ነበር።

ለወንድማችን ስልክ ደውዬ ሠራ አልኩት። ጎሽ አለኝ። እኔም ሳልጠየቅ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሳልነግራት ጎባ ሄድኩ። ካፊያ ነበር። ከሰፈሩ መታጠፊያ ስደርስ እህቴ በር ላይ አንድ ባጃጅ ቆሟል፤ ሁለት ወንዶች አጠገቡ ቆመዋል፤ ባለሱቋም ከባንኮኒዋ ወጥታለች። ደንበኞች ናቸው ብዬ ደስ አለኝ። አንደኛው እጁን በቀዳዳው አሾልኮ መወርወሪያውን ሳበ።

ከውስጥ ውሻው ሦስቴ ጮኸ። ከዚያ ተንከተከተ። ሁለቱ ወንዶች አብረውት ተንከተከቱ፤ አንዱ ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ። ዘፈኑ ሲጀምር ሌላው እጁን እያወዛወዘ ጨፈረ። ባለሱቋ ዓይኗን ትጠርጋለች። እህቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ብቅ አለችና በፈገግታ፣ በዚያ ከፍ ባለ ድምፅዋ፣ «ግቡ!» አለች። ወንዶቹ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ ቤት ተሳስተን ነው ብለው መለሱላት። በሩን ዘግታ ተመለሰች። ገና ከመግባቷ ሰውዬው እንደገና እጁን ወደ ቀዳዳው ሰደደ።

እጁን ያዝኩት። ምን እንዳልኩት በደንብ አላስታውስም፤ መሳደቤን አውቃለሁ። ሰውዬው አልተቆጣም፣ እንዲያውም ግራ ገባው።

«ጋሼ፣ ምን ችግር አለው? ቀልድ እኮ ነው» አለ። «እሷ እንደሆነ አትሰማም።»

ምራቄ አፌ ውስጥ መረረ። ያን ቃል የት እንደማውቀው ለማሰብ ጊዜ አላስፈለገኝም። በራሴ ድምፅ፣ በራሴ ቤት፣ ሙጫው ጣቴ ላይ እንዳለ ስናገረው ታየኝ። ሰውዬውን ለቀቅኩት። እሱን የምሰድብበት አፍ አልነበረኝም።

ገብቼ ሰላም ሳልላት ውሻውን ከወለሉ አነሣሁት። አስጠሊታ ነበር። ጎማዎቹ ላይ የክር ቁርጥራጭና ጠጉር ተጠምጥሞ ጥቁር ሆኗል፣ ሆዱ ሥር የማሽን ዘይት ከአቧራ ጋር ተቦክቷል፣ አፍንጫው ተረከዝ ሲገጭ ውሎ ተፍቋል። ከጠረጴዛዋ መቀስ አነሣሁና ፊቱን ፈለቀቅኩት። የድምፅ ማውጫው ትንሽ ነገር ነው፤ ከአሥር ሳንቲም ብዙም አይበልጥም። ከነሙጫው ገንጥዬ አወጣሁት።

እህቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ ታየኛለች። ከንፈሬን እንድታይ ፊት ለፊቷ ዞርኩ።

«ይጮኽ ነበር፣ እትዬ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ዋሸሁሽ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

የማልሰማው እኔ የሆንኩ መሰለኝ።

«መጀመሪያ ቀን መዳፌ ላይ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ አውቄያለሁ። መኪናዬ መርፌ ሊሰብር ሲል በጣቴ የማውቅ ሴት ነኝ እኮ።» ወደ መስኮቱ ጠቆመች። «እየሳቁ ሲሄዱ ደግሞ በዚህ አያለሁ። ቤት ተሳሳትን የሚሉት በሳምንት አምስቴ ነው። እዚሁ ሰፈር ተወልደው!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ መልሳ ፈታችው።

«ብነግርህ አልሠራም ትሉና ሮቤ ትወስዱኝ ነበር» አለች።

ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ በሳምንት አምስቴ፣ ላልመጣ ሰው ፈገግ ብላ ወጥታለች። ቤቷን ላለማጣት። ይህን ሁሉ ያሸከምኳት ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። ያቺ በረሮ እንኳ የራሴን ያህል አላስጠላችኝም።

እሷ ግን ፊት የሌለውን ውሻ ከእጄ ተቀብላ ጎማውን በመቀስ ጫፍ ከክሩ አጸዳችው። ግድግዳው ሥር አስቀመጠችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ወትሮው ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ።

«ውጣና ከፍተህ ግባ» አለች። «ካልሞከርነው ወንድምህ አያምንም።»

ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ። ባጃጁ ሄዷል፤ ባለሱቋ ዕቃ የምትደረድር መስላ ጎንበስ ብላለች። እጄን በቀዳዳው አሾልኬ መወርወሪያውን ሳብኩ። ከውስጥ የጎማ ድምፅ ብቻ ተሰማ፣ እሱም ለእኔ ብቻ።

እህቴ በሩ ላይ ብቅ አለች። ማን እንደከፈተ እያወቀች፣ ለነዚያ ሰዎች ያሳየችውን ያንኑ ፈገግታ አሳየችኝና ከፍ ባለ ድምፅ «ግቡ!» አለች። ጫማዬ ላይ የቀረ ጭቃ አልነበረም፤ እኔ ግን ደጃፉ ላይ ቆሜ ጫማዬን መጥረግ ቀጠልኩ።